አወጣ፣ አዋጣ፣ መዋጮ፦ የጥቃቅን ግንባታዎች ገንዘብ አሰባሰብ በአማርኛ ቃላት ታሪክ፣ ከዶራሌ መነሻነት

1. መነሻ

የዚህ ጽሑፍ መነሻ አንድ የትርጉም ስሕተት ነው፤ ስሕተቱም የእኔ ነው። ለመስክ ጥናት ጅቡቲ በሰነበትሁባቸው ወራት፣ ወደ ዶራሌ ወደብ በሚወስደው መንገድ ዳር፣ የጭነት ተራ በሚጠበቅበት ሜዳ ላይ፣ የኢትዮጵያ ከባድ መኪና ሹፌሮች ገንዘብ አዋጥተው ያቆሙትን የቆርቆሮ ጥላ አዘወትር ነበር። ሕንፃ ከተባለ እጅግ ትንሽ ሕንፃ ነው፦ ስምንት የብረት ቋሚ፣ የቆርቆሮ ክዳን፣ በሲሚንቶ የተለሰነ ወለል፣ በአንድ ወገን የውኃ በርሜል፣ በሌላው ወገን የእንጨት አግዳሚ። ካምሲን የሚሉት ደረቅ ነፋስ በሚነፍስበትና ሙቀቱ ከ40 ዲግሪ በላይ በሚወጣበት ወራት ግን የዚያ ጥላ ዋጋ በስፋቱ አይለካም።

የቦታው ባለይዞታ አንድ ቀን ስለ ጥላው በፈረንሳይኛ የተጻፈ ወረቀት እንዲሰጠው ጠየቀ። ሹፌሮቹ ወደ እኔ መጡ። እኔም ክዳኑ በተጠቃሚዎች ገንዘብ መሠራቱን የሚገልጹ አምስት መስመሮች ጽፌ፣ ገንዘቡን «ዶን» በሚለው ቃል ሰየምሁት። ቃሉ ስጦታ፣ ልገሳ ማለት ነው። በወቅቱ ጨዋ ቃል መስሎኝ ነበር። ከጥቂት ሳምንታት በኋላ ባለይዞታው ሜዳውን ሊያጥር በተነሣ ጊዜ፣ ቆርቆሮውና ብረቱ በስጦታ የተሰጠው መሆኑን ያው ወረቀት እንደሚመሰክርለት ተናገረ። መዝገቡን የሚይዙት አዛውንት ሹፌር ወረቀቱን አጣጥፈው መለሱልኝና፣ «መምህር፣ እኛኮ አልሰጠንም፤ አዋጣን እንጂ» አሉኝ። «ጋሼ፣ ልዩነቱ ምንድን ነው?» ብዬ ልጠይቃቸው ከጀልሁና አፈርሁ። መልሱን እኔ ማወቅ የነበረብኝ ሰው ነኝና።

ከዚህ በታች ያለው ያንን ያልጠየቅሁትን ጥያቄ ለመመለስ የተደረገ ሙከራ ነው። ብዙ ሰዎች ትንሽ ትንሽ ገንዘብ አሰባስበው አንድ ነገር የሚያቆሙበትን መንገድ እንግሊዝኛ ከ2006 (እ.ኤ.አ.) ወዲህ «ክራውድፈንዲንግ» ብሎ ጠርቶታል። በአማርኛ ዜናና ማስታወቂያ ውስጥም «ሕዝባዊ የገንዘብ ማሰባሰብ» የመሳሰሉ ረጃጅም ሐረጎች እየተፈበረኩለት ነው። ቃሉ አዲስ፣ ነገሩ አሮጌ መሆኑን ማንም ያውቃል። የእኔ ክርክር ሌላ ነው፦ አማርኛ ለዚህ ተግባር ያለው ቃል አንድ ብቻ አይደለም፤ ቃላቱም የሚለያዩት በጨዋነት ደረጃ ሳይሆን፣ የተሠራው ነገር የማን እንደሆነ በሚሰጡት መልስ ነው።

2. ከወፅአ እስከ መዋጮ

የግእዙ ወፅአ በአማርኛ ወጣ ሆኗል። ፀመደ ጠመደ እንደሆነ ሁሉ፣ የፀ ወደ ጠ መለወጥ የታወቀ ነው። ከዚህ ሥር አማርኛ ሁለት የማድረግ ግሦች አሉት፤ አወጣ እና አዋጣ። በጽሑፍ የሚለያቸው «ወ» ወደ «ዋ» መሄዷ ብቻ ነው። አወጣ ያለ ሰው ከኪሱም ይሁን ከጉድጓድ አንዳች ነገር ወደ ውጭ አደረገ። አዋጣ ግን የመደራረግን ግንድ ይዞ የማድረግን «አ» ከፊቱ የጨመረ ነው፤ ተጋባ አጋባ፣ ተዋጋ አዋጋ እንደሚባለው ያለ።

ይህች ለውጥ በዓረፍተ ነገር ውስጥ የምትሠራውን ሥራ ልብ ይሏል። «ልጅቱ መቶ ብር አወጣች» ስንል የተናገርነው ስለ እርሷ ብቻ ነው። «ልጅቱ መቶ ብር አዋጣች» ስንል ግን ስማቸው ያልተነሣ ሌሎች ሰዎች ከዓረፍተ ነገሩ ጀርባ ቆመዋል። ባለቤቱ ነጠላ ነው፤ ድርጊቱ ግን የብዙዎች ነው። «አንድ ሰው ብቻውን አዋጣ» ቢባል ሰዋስዉ አይፈርስም፤ ሰሚው ግን ወይ ይስቃል፣ ወይ «ሌሎቹስ?» ብሎ ይጠይቃል። ይህ «ሌሎቹስ?» የሚል ጥያቄ በግሡ ውስጥ የተቀበረ መሆኑ ኋላ ይጠቅመናል።

መዋጮ የዚሁ ግሥ ስም ነው። ጠ ወደ ጨ የተለወጠችው በወጪና በመውጫ ላይ እንደምናየው በላንቃዊነት ነው። ወጪና መዋጮን ጎን ለጎን ማስቀመጥ ደስ ይላል፦ አንዱ የብቸኛ ሰው፣ ሌላው የማኅበር። ከዚሁ ግንድ «ንግዱ አያዋጣም» የሚለው አባባልና «የተዋጣለት ሥራ» የሚለው ምስጋናም ወጥተዋል። በእኔ ግምት በሁለቱም ውስጥ ከብዙ ወገን የመጣው ነገር ተገጣጥሞ ሙሉ መሆኑ አለ፤ ቢሆንም በዚህ ላይ የሚሟገተኝ ቢመጣ አልጣላውም።

አስተዋፅኦም ከዚያው ከወፅአ የመጣ ነው፤ የመጣው ግን በሌላ በር፣ ከግእዝ መጻሕፍት እንዳለ ተወስዶ ነው። ስለዚህ አስተዋፅኦና መዋጮ እኅትማማቾች ናቸው፤ አንዲቱ ትምህርት ቤት ገብታለች፣ አንዲቱ ሰፈር ቀርታለች። ሥራ ተከፋፍለዋልም። አስተዋፅኦ ይደነቃል እንጂ አይቆጠርም፤ «ለሥልጣኔ ያደረገው አስተዋፅኦ» እንላለን፤ «የጣሪያ አስተዋፅኦ ሃምሳ ብር» የሚል ግን የለም። መዋጮ ይቆጠራል፣ ይመዘገባል፣ ይቀራል፣ ይከፈላል። «መዋጮህን አልከፈልህም» ይባላል፤ «አስተዋፅኦህን አልከፈልህም» አይባልም።

የጎረቤት ቋንቋዎችን ብናይ መንገዱ ይለያያል። የፈረንሳይኛው «ኮቲዛሲዮን» ከላቲን «ስንት» ከሚለው ጥያቄ የመጣ ነው፤ የእያንዳንዱን ድርሻ ይቆጥራል። የእንግሊዝኛው አዲስ ቃል የሚያየው ግርግሩን፣ ማለትም የሰዉን ብዛት ነው። ሶማልኛ «ቃራን»፣ በሰሜኑ ዘዬ «ቃዻን»፣ ይላል፤ ይህም ለጋብቻ፣ ለካሣ፣ ለሐዘን ወገን ሲሰባሰብ የሚወጣ ነው። ዶራሌ ላይ የሶማልኛ ተናጋሪ የጥበቃ ሠራተኞች ስለ ሹፌሮቹ ጥላ ሲያወሩ ይህንኑ ቃል ሲጠቀሙ ሰምቻለሁ። ትርጉሙ እንደኔ «ዶን» አላሳሳታቸውም ማለት ነው።

3. ቃላቱና ቤቶቻቸው

በገጠር ጎጆ ሲቆም የሚዋጣው ገንዘብ ሳይሆን ጉልበት ነበር። ደቦ፣ ጅጌና ወንፈል የሚባሉት የትብብር ሥራዎች ለእርሻና ለአጨዳ ብቻ አልነበሩም፤ ማገር ለማሰር፣ ክዳን ለማንሣት፣ ግድግዳ ለመምረግም ይጠሩ ነበር። ኦሮምኛም ከደቦና ከጅጌ ጋር የሚመሳሰሉ ቃላት አሉት፤ አበዳሪና ተበዳሪ መለየት ለዛሬ ጉዳያችን አያሻም። ወንፈል ጉልበትን በጉልበት የሚመልስ ብድር ነው፤ ደቦ ግን በጠላና በምሳ ይሸኛል። በሁለቱም ቤቱ የጠሪው ነው። ክዳኑን ያነሣ ጎረቤት «ይህች ማገር የኔ ናት» አይልም።

ቤተ ክርስቲያን ሲሠራ ነገሩ ይለወጣል። ሙዳየ ምጽዋት፣ ስለት፣ ጨረታ፣ እንዲሁም በየመንገዱ ዳር የምናውቀው የተገለበጠ ጃንጥላ፣ ሁሉም የግንባታ ገንዘብ ማሰባሰቢያ ናቸው። ጃንጥላ የሚለው ቃል ራሱ በተለምዶ እንደሚተነተነው «ጃን» ካለው የንጉሥ መጠሪያ (ጃንሆይ እንደሚባለው) እና «ጥላ» ከሚለው የተገጠመ ነው። የንጉሥ ጥላ ተገልብጦ የድኃ ሳንቲም መቀበያ መሆኑ፣ ነገሩ ለሥነ ቃል ተመራማሪ ይቅር እንጂ፣ የሚያስገርም ነው። እዚህ ላይ ሰጪው የሚያስበው በቁስ ነው፤ አንድ ከረጢት ሲሚንቶ፣ አንድ ቆርቆሮ፣ ጥቂት ብሎኬት። የሰጠው ነገር ግን ከእጁ ሲወጣ የታቦቱ ሆነ። ማንም ምእመን ሰበካውን ቢለቅ ቆርቆሮውን ነቅሎ አይሄድም፤ ቢሞክር ገንዘብ ሳይሆን ነፍስ ያስጠይቀዋል። ስለት የግንኙነቱ አቅጣጫ ወደ ላይ ነው፤ የመዋጮ ወደ ጎን።

ለእኔ ጉዳይ ከሁሉ የሚበልጠው የዕድር ቤት ነው። ሪቻርድ ፓንክረስትና እንድርያስ እሸቴ እ.ኤ.አ. በ1958 «ኢትዮጵያ ኦብዘርቨር» ላይ ስለ ራስ አገዝ ማኅበራት በጻፉ ጊዜ ዕቁብና ዕድር በአዲስ አበባ ኑሮ ውስጥ ሥር የሰደዱ ነበሩ። ዕቁብ ከግእዙ ዐቀበ፣ ጠበቀ፣ ጋር ይያያዛል፤ የተጠበቀ፣ የተቀመጠ ማለት ይሆናል። ዕቁብ የሚሠራው ቤት የዕጣው ባለተራ ቤት ነው፤ ስንት የአዲስ አበባ ጓዳና ኩሽና በዕቁብ ዕጣ እንደተሠራ የሚቆጥር ቢገኝ ጥሩ የከተማ ታሪክ ይወጣው ነበር። ዕድር ግን የጋራ ንብረት አለው፦ ድንኳን፣ አግዳሚ፣ ድስት፣ ሰሐን። ንብረት ደግሞ መጋዘን ይሻል። ስለዚህ በየሰፈሩ የዕድር ቤት የሚባል ዝቅ ያለ የቆርቆሮ ቤት ቆመ። ማንም አርክቴክት አልነደፈውም፤ በየትኛውም የሥነ ሕንፃ መጽሔት ላይ አላየሁትም። ሆኖም አባል ሁሉ ቁልፉ በማን እጅ እንዳለ፣ ስንት ወንበር ውስጡ እንዳለ፣ የጎደለውን ማን እንደሚጠይቅ ያውቃል። ደንቡ ተጽፏል፤ ዳኛ፣ ጸሐፊና ገንዘብ ያዥ አለው። በመዋጮ የተሠራ ሕንፃ ይህ ነው፤ ባለቤቱ ያዋጣው ሁሉ ነው፣ የሚመሰክረውም መዝገቡ።

ከባቡር ጋር የገባ አንድ ሌላ ቃልም አለ፤ አክሲዮን። መልኩ ፈረንሳይኛነቱን አይደብቅም። ሐዲዱ እ.ኤ.አ. በ1897 ከጅቡቲ ተነሥቶ በ1902 ድሬዳዋ፣ በ1917 አዲስ አበባ የደረሰው በባለ አክሲዮን ኩባንያዎች እጅ ነበር፤ የመጀመሪያው ኩባንያ ከስሮ በ1908 ሌላ ተተክቶለታል። አክሲዮንም የብዙ ሰው ገንዘብ ነው፤ ግን ባለ አክሲዮኑ ፓሪስ ተቀምጦ ትርፍ ይጠብቃል እንጂ በባቡሩ ለመሄድ አላዋጣም። ከዚያው ወደብ አጠገብ ዛሬ የምናየው ዶራሌ ደግሞ ሌላ ዓይነት ነው። የኮንቴይነር ተርሚናሉ በ2009 ተመረቀ፤ ወደ 590 ሚሊዮን ዶላር የወጣበት ሁለገብ ወደብ በ2017 ተከተለ፤ ወደ 750 ኪሎ ሜትር የሚረዝመው አዲሱ የባቡር መስመርም በአብዛኛው በቻይና ብድር ተሠራ። እንግዲህ በአንድ ሜዳ ላይ ብድር፣ አክሲዮንና መዋጮ ጎን ለጎን ቆመዋል፤ የመጨረሻው በስምንት ብረት።

4. ቃሉ ወደ ላይ ሲወጣ

መዋጮ ከሰፈር ወጥቶ አገር ሲያካልል ምን ይደርስበታል? በ1950ዎቹ ዓ.ም. አዲስ አበባ የሚኖሩ የጉራጌ ነጋዴዎችና ሠራተኞች ገንዘብ እያዋጡ የትውልድ አካባቢያቸውን ከዋናው መንገድ ጋር የሚያገናኝ መንገድ ለማሠራት የጉራጌ መንገድ ሥራ ድርጅትን አቋቋሙ። እ.ኤ.አ. በ1963 የተመሠረተው የሜጫና ቱለማ መረዳጃ ማኅበርም ለትምህርት ቤት፣ ለክሊኒክና ለመንገድ ገንዘብ አሰባስቧል፤ በ1967 ግን ታገደ። ብዙ ሕዝብ በአንድ መዝገብ ላይ መስፈሩ ራሱ ኃይል እንደሆነ መንግሥትም ተረድቶት ነበር ብል አላጋነንሁም።

የነገሩ ተቃራኒ ወገን በደርግ ዘመን መጣ። መዋጮ በቀበሌ በኩል ሲጠየቅ፣ «ሌሎቹስ?» የሚለው የጎረቤት ጥያቄ የካድሬ ጥያቄ ሆነ። ግሡ አልተለወጠም፤ ባለቤቱ ግን ተለወጠ። «አዋጣን» መባሉ ቀርቶ «አዋጡ ተባልን» ተባለ። የዚያን ጊዜ ሰው እስከ ዛሬ «መዋጮ» ሲባል ትከሻው ላይ አንድ ነገር የሚያርፍበት ይመስላል። ከዚያ በኋላ የመጡ የመንግሥት ሰነዶች «ተሳትፎ»፣ «ድጋፍ»፣ «አስተዋፅኦ» ማለትን የመረጡት የዚህን ቃል ሸክም ሸሽተው ይመስለኛል። ሽሽቱ ግን ዋጋ አለው፦ ሸክሙ ሲወርድ መብቱም አብሮ ይወርዳል። አስተዋፅኦ ያደረገ ይመሰገናል፤ ያዋጣ ግን ሒሳብ ይጠይቃል።

የታላቁ የኅዳሴ ግድብ ነገር በዚህ መካከል የሚቆም ነው። መጋቢት 24 ቀን 2003 ዓ.ም. መሠረቱ ከተጣለ ጀምሮ ጳጉሜን 4 ቀን 2017 ዓ.ም. እስከ ተመረቀበት ድረስ ሕዝቡ ቦንድ ገዝቷል፣ ደመወዙን ሰጥቷል፣ በ8100 አጭር መልእክት ልኳል። ቦንድ ብድር ነው፤ ይመለሳል። የስልኩ ብር ግን አይመለስም። በሰዉ አፍ ሁለቱም «ለግድቡ አዋጣሁ» ነው። በገንዘብ ሕግ ስሕተት ነው፤ በቋንቋ ግን ተናጋሪው ከግድቡ ጋር ያለውን ዝምድና በትክክል ነግሮናል። «ግድቡ የኔ ነው» የሚለው አባባልም የሚመነጨው ከዚያው «ዋ» ነው።

በ2011 ዓ.ም. ደግሞ «ገበታ ለሸገር» መጣ፤ አንድ መቀመጫ 5 ሚሊዮን ብር። ቀጥሎም ለጎርጎራ፣ ለወንጪና ለኮይሻ «ገበታ ለአገር»። እዚህ ቃሉ ከመዝገብ ወደ ማዕድ ተሻግሯል። የሚዋጣው በብዙዎች ሳይሆን በጥቂቶች ስለሆነ «መዋጮ» አለመባሉ ተገቢ ነው። የድግስ ቋንቋ ነው፤ ደጋሽና ታዳሚ አለው፣ ገንዘብ ያዥ ግን በስሙ ውስጥ የለም።

ውጭ አገር ያሉ ኢትዮጵያውያን «ጎፈንድሚ ተከፍቷል» ይላሉ፤ የድርጅት ስም የተራ ስም ቦታ ይዟል። እ.ኤ.አ. በ2018 የተቋቋመው የዲያስፖራ ትረስት ፈንድ በቀን አንድ ዶላር ሲጠይቅ ቁጥሩን ትንሽ ያደረገው መዋጮ እንዲመስል ነው። አገር ውስጥም «ወገን ፈንድ» የሚባል የገንዘብ ማሰባሰቢያ አለ፤ ስሙ ግማሹ አማርኛ፣ ግማሹ እንግሊዝኛ ነው። የአማርኛው ግማሽ «ወገን» መሆኑን ልብ ይሏል፦ ግርግሩ ወደ ዘመድነት ተተርጉሟል።

ሌላው ዓለምም ይህን አያጣውም። የኒው ዮርኩ የነፃነት ሐውልት መቆሚያ ገንዘብ አጥቶ በተቋረጠ ጊዜ፣ በ1885 ጆሴፍ ፑሊትዘር በጋዜጣው ጥሪ አድርጎ ከ120,000 በላይ ከሆኑ ሰዎች ወደ 100,000 ዶላር ሰበሰበ፤ አብዛኛው ከአንድ ዶላር በታች ነበር። የሰጪዎቹንም ስም በጋዜጣው አተመ። ሮተርዳም ውስጥ ሉክትሲንግል የሚባለው የእግረኛ ድልድይ ደግሞ ሰዎች ስማቸው የተቀረጸበትን ጣውላ እየገዙ የተረዳ ነው። በሁለቱም ስም የተጻፈው ለመታሰቢያ ነው። በዶራሌው መዝገብ ስም የሚጻፈው ግን ለመታሰቢያ አይደለም።

5. መዝገቡ

አዛውንቱ የያዙት መዝገብ ተራ የተማሪ ደብተር ነው። አምዶቹ አራት ናቸው፦ ስም፣ የመኪና ሰሌዳ፣ «ያዋጣው»፣ «ቀሪ»። ገንዘቡ በብርም በጅቡቲ ፍራንክም ተጽፏል። ከአንዳንድ ስሞች አጠገብ «ወጣ» የሚል አለ፤ ሰውየው ሥራ ቀይሮ ከመስመሩ ሲወጣ ያዋጣው ድርሻ በተካው ሰው ስም ይዛወራል፣ ተተኪውም ለወጣው ይከፍለዋል። «ወጣ» እና «ያዋጣው» በአንድ መስመር ላይ መገናኘታቸውን ሳይ ሰዋስው ያስተማርሁባቸው ዓመታት ትንሽ አሳፈሩኝ። ያለመዝገቡ ያ ክዳን ሰው ያልያዘው ዕቃ ነው። ከመዝገቡ ጋር ደግሞ በመሬት ላይ ምንም መብት የሌላቸው፣ ዛሬ ጋላፊ ነገ ዶራሌ የሚያድሩ ሰዎች ንብረት ነው። ልገሳ ብዬ ስጽፍ ያጠፋሁት ይህን ነበር።

ሁለተኛውን ወረቀት ከእርሳቸው ጋር ተቀምጠን ጻፍነው። እኔ በፈረንሳይኛ እጽፋለሁ፤ ያንኑ መልሼ በአማርኛ አነብላቸዋለሁ፤ እርሳቸው «ይህ ቃል ከኛ ላይ ይወስድብናል?» እያሉ ይጠይቃሉ። «ዶን» በ«ኮቲዛሲዮን» ተተካ፤ ክዳኑም ቋሚውም የአዋጪዎቹ የጋራ ንብረት እንደሆነና ሊነቀል እንደሚችል ተጨመረ፤ የመዝገቡ ግልባጭም ተያያዘ። ባለይዞታው ሁለት ጊዜ አነበበው። የጥበቃው ሽማግሌ በሶማልኛ «ቃዻን ነው» ብለው ሲያስረዱት ከኔ አምስት መስመር በላይ የገባው መሰለኝ። አጥሩን ለአንድ ሳምንት አዘገየላቸው።

ቆርቆሮውን በሁለት ቀን ነቀሉት፤ ብረቶቹን በአንድ ባዶ ተመላሽ መኪና ጭነው ወደ ሌላ የተራ ሜዳ ወሰዱ። ሁለቱ ቋሚዎች ሲነቀሉ ስለታጠፉ አዲሱ ጥላ በስድስት ቆመ፤ ለወራጁ ተጨማሪ እንጨት ተገዝቶ አዲስ መዋጮ ተጣለ። እኔም ስሜ እንዲጻፍ ጠየቅሁ። አዛውንቱ «የመኪናህ ሰሌዳ ስንት ነው?» ብለው ሳቁና፣ በአራተኛው አምድ ላይ ቀሪ እንደሌለብኝ ጻፉልኝ። የሲሚንቶው ወለል ሊነሣ አይችልምና እዚያው አጥር ውስጥ ነው። በመዝገቡ መጨረሻ ገጽ፣ የንብረት ዝርዝር በሚለው ሥር፣ ከቆርቆሮው፣ ከበርሜሉና ከአግዳሚው ቀጥሎ በእርሳቸው እጅ «ወለል፣ ቀረ» ተብሎ ተጽፏል፤ ዋጋውም ከጎኑ አለ።